የኤምሬትሱ አማዞን ከኮምቦልቻ ሲታይ፦ ሱቅ ዶት ኮምን ገዝቶ ለእኛ ምን ተረፈን?

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። አማዞን ዶት ኤኢ፣ ማለትም የኤምሬትሱ አማዞን፣ ዓረብ አገር ዘመድ ላለው የኮምቦልቻ ወይም የደሴ ሰው አሪፍ ነው። የታዘዘው ዕቃ ራሱ ይመጣል። ዋጋው ፊት ለፊት ተጽፏል። መቼ እንደሚደርስ ይናገራል፣ በተናገረው ቀን አካባቢም ይደርሳል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዕቃው ሻርጃ እህቴ እጅ ከገባ በኋላ እኛ ጋ እስኪደርስ ድረስ። ስለ ሁለቱም እጽፋለሁ። አንዱ ግማሽ ኩባንያ ኩባንያን እየገዛ የሠራው መንገድ ነው። ሌላው ግማሽ ማንም ያልገዛው፣ ማንም የእኔ ነው የማይለው መንገድ ነው።

ለማያውቅ አሠራሩን ላስረዳ። የኤምሬትሱ አማዞን ኮምቦልቻ በራችን ድረስ አያመጣልንም። ግን እዚህ ብዙ ቤት ውስጥ ዱባይ ወይ ሻርጃ ወይ ሪያድ ወይ ጅዳ ያለ ሰው አለ፤ እህት፣ አክስት፣ የጎረቤት ልጅ። እኛ ቤት እህቴ ናት። ዕቃውን እዚህ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ እመርጣለሁ፣ ሊንኩን በዋትሳፕ ወይ በኢሞ እልክላታለሁ፣ እሷ ታዝዛለች፣ ከጓደኞቿ ጋር የተከራየችው ክፍል ድረስ ይመጣላታል። ሒሳቡ ለእናታችን ከምትልከው ላይ ይታሰባል። ከዚያ ተጓዥ ይፈለጋል። ወደ አገር የሚገባ ሰው ሻንጣው ላይ ቦታ ካለው ይይዝልናል፤ ከሌለ በኪሎ ተከፍሎ በካርጎ ይላካል። ቦሌ ዘመድ ይቀበላል። ከዚያ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማበርን፣ ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን አልፎ እኛ ጋ ይገባል። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ዕቃው አዲስ አበባ ይከርማል።

በዚህ መንገድ የልጆች ጫማ፣ ብሌንደር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያወጣን ፓወር ባንክ መጥቶልናል። ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን የእናቴን የደም ግፊት መለኪያ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። እናቴ ግፊት አለባት። ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ ብትለካ ይሻላል ተብላ ነበር። ፋርማሲ ጠየቅን፤ አንዳንዱ ጋ የለም፣ ያለበት ደግሞ ምርጫ የለም። አማዞን ላይ የጃፓኑ ኦምሮን ብቻውን በዓይነት በዓይነቱ ተደርድሯል። ክንድ ላይ የሚታሰር አለ፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር አለ። ሐኪሞች የሚመርጡት የክንዱን ነው። ደግሞ ጨርቁ ለክንዱ ከጠበበ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል፣ ከሰፋ ያንሳል። ገጹ ላይ ጨርቁ ከስንት እስከ ስንት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ክንድ እንደሚሆን ተጽፏል። የእናቴን ክንድ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁና ቁጥሩን ለእህቴ ላክሁላት። ከሥሩ የገዢዎች አስተያየት አለ፤ በዓረብኛ የተጻፈውን እህቴ እያነበበች በድምፅ ላከችልኝ። አንዷ ገዢ መለኪያውን ክሊኒክ ወስዳ ከነርሷ መለኪያ ጋር እንዳስተያየችው ጽፋለች። እኛም እንደዚያው አደረግን። ጤና ጣቢያ ይዘነው ሄድን፣ ነርሷ በራሷም በእኛም መለኪያ ለካች፣ ቁጥሩ ተቀራረበ። እናቴ «አላህ ይስጣችሁ ልጆቼ» አለች። አሁን ውጤቱን ደብተር ላይ እየጻፈች ለሐኪሟ ታሳያለች። በዓይኔ ሳላየው፣ በእጄ ሳልነካው፣ ከመግለጫውና ከሰው ምስክርነት ተነስቼ እናቴ ላይ የሚታሰር ዕቃ መግዛት መቻሌ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሄ አገልግሎት ከሰማይ አልወረደም፣ አማዞንም ከዜሮ አልገነባውም። ሱቅ ዶት ኮም የሚባል የዓረብ አገር የኦንላይን ገበያ ገዝቶ ነው። ታሪኩን ማወቅ ለገዢም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ኩባንያ ሲሸጥ ከነደንበኛው ነው የሚሸጠው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ሱቅ ዶት ኮም የተጀመረው በ2005 ነው። መሥራቹ ሮናልዶ ሙሽዋር ሀለብ የተወለደ ሶርያዊ መሐንዲስ ነው። ያኔ ማክቱብ በሚባል የዮርዳኖስ ኩባንያ ጥላ ሥር ነበር፣ ሥራውም ጨረታ ነበር፤ አንዱ ዕቃውን ያወጣል፣ ሌላው ዋጋ ይጨምርበታል። በ2009 ያሁ ማክቱብን ሲገዛ ሱቅን አልወሰደውም። እሱም ለብቻው አደገ፣ ከጨረታ ወጥቶ ቁርጥ ዋጋ ያለው ገበያ ሆነ፣ ኋላ ራሱም ሌላ መግዛት ጀመረ፤ በ2012 ሱከር ዶት ኮም የሚባል የቅናሽ መሸጫ ጠቀለለ። በ2016 ከባለሀብቶች 275 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ፣ ዋጋውም ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው ተባለ። በዓመቱ በመጋቢት 2017 አማዞን ሊገዛው መስማማቱ ተነገረ። የከፈለው 580 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሽያጩ ሊያልቅ ሲል የዱባዩ የገበያ ማዕከል ኩባንያ ኢማር ሞልስ 800 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ ነበር፤ የወሰደው ግን አማዞን ነው።

አማዞን ያን ያህል ገንዘብ ይዞ ለምን የራሱን አልከፈተም? መልሱ እንደኔ አድራሻ ነው። ዱባይ ሕንፃው ሰማይ ጠቀስ ነው፣ ግን ፖስታ ቤት ለቤት የሚታደልበት አገር አልነበረም። ደብዳቤ በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው የሚመጣው። ለየሕንፃው ባለ10 አኃዝ የመካኒ ቁጥር የተሰጠው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ዕቃ አድራሹ ይደውላል፤ ከመስጊዱ በስተግራ ነሽ ወይስ ከግሮሰሪው ጀርባ፣ በር ጠባቂው ማን ይባላል፣ ማዳም ቤት ናት ወይ። ለደሴ ሰው ይሄ እንግዳ አይደለም። እኛም «ከቧንቧ ውሃ ወረድ ብለህ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ» እያልን ነው የምንኖረው። አሜሪካ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ለለመደ ኩባንያ ይሄን ዕውቀት ከባዶ መማር ዓመታት ይፈጃል። ሱቅ ግን ሹፌሮቹን፣ መጋዘኑን፣ የደንበኛውን ጠባይ ከአሥር ዓመት በላይ ሲማር ቆይቷል። አማዞን የገዛው እሱን ነው። በዚያው በ2017 ደግሞ ዊንግ የሚባል ዕቃ የማድረስ ሥራ ላይ ያለ ድርጅት ተጨመረበት።

ሁለተኛው ነገር ጥሬ ገንዘብ ነው። እህቴ መጀመሪያ ስትሄድ የባንክ ካርድ አልነበራትም። ሱቅ ላይ ታዝዝ የነበረው ዕቃው ሲመጣ ለሹፌሩ በእጅ እየከፈለች ነው። በግንቦት 2019 ሱቅ የኤምሬትስ ገጹ ስሙ ጠፍቶ አማዞን ዶት ኤኢ ሲሆን «አሁንማ የፈረንጅ ሆነ፣ ያለ ካርድ አይሆንም» ብላ ስጋት ገብቷት ነበር። አልሆነም። በእጅ መክፈል ቀጠለ። በድሮው የሱቅ መግቢያዋ ነው የገባችው። ዓረብኛውም አልጠፋም፤ አማዞን በዓረብኛ ሲሠራ ያ የመጀመሪያው ነበር። ሱቅ በ2014 የአሜሪካኖቹን የጥቁር አርብ ቅናሽ ነጭ አርብ ብሎ ነበር ያመጣው፣ አርብ በሙስሊሙ ዘንድ የተከበረ ቀን ነውና፤ እሱም ቀጠለ። ሙሽዋርም አልተባረረም፣ የአካባቢው የአማዞን ሥራ መሪ ሆኖ ቀጠለ። ሳዑዲ በ2020፣ ግብፅ በ2021 በዚያው መንገድ ስማቸው ተቀየረ።

ለገዢ የመጣው ለውጥ ምርጫው ነው። ሱቅ ሲገዛ 8.4 ሚሊዮን ያህል የዕቃ ዓይነት ነበረው። አማዞን ዶት ኤኢ ሲከፈት ከ30 ሚሊዮን በላይ ብሎ ነው የጀመረው፤ ከዚያ ውስጥ 5 ሚሊዮኑ በቀጥታ ከአሜሪካው አማዞን የሚመጣ ነው። ይሄ ለእኔ ቁጥር ብቻ አይደለም። የእናቴ መለኪያ ለክንዷ ልክ ባለው ጨርቅ የተገኘው ምርጫው ስለሰፋ ነው።

ቀጥሎ ግን የሚያሳስበኝን ልጻፍ፤ ዝም ብሎ ማሞገስ ግምገማ አይሆንም።

አማዞን ሲገዛ ሁልጊዜ እንዲህ አያበቃም። ጥሩ ያበቃው አለ። በ1998 እንግሊዝና ጀርመን የገባው ቡክፔጅስና ቴሌቡክ የሚባሉ የአገሬው መጽሐፍ ሻጮችን ገዝቶ ነው፣ ዛሬ ሁለቱም አገር ትልልቅ ገበያዎቹ ናቸው። ዛፖስ የሚባለውን ጫማ ሻጭ በ2009 ወስዶ ስሙን አልነካም። ቻይና ላይ ግን አልሆነለትም። በ2004 ጆዮ የሚባለውን ሻጭ በ75 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፣ ስሙን ቀየረ፣ አሊባባና ጄዲ ዶት ኮም ጥለውት ሄዱ፣ በ2019 የአገር ውስጥ ሻጮች ለቻይና ገዢዎች የሚሸጡበትን ገበያ ዘጋ። አማዞን ዶት ኤኢ በተከፈተበት ዓመት ማለት ነው። እንግዲህ ትልቅ ኩባንያ ትንሹን ስለገዛ ብቻ ይዘልቃል ማለት አይደለም።

ከዚህ የከፋው የዳይፐርስ ዶት ኮም ነገር ነው። ዳይፐርና የሕፃናት ዕቃ የሚሸጥ፣ እናቶች የሚወዱት ድረ ገጽ ነበር። አማዞን መጀመሪያ ድረ ገጹ መወዳደር እስኪያቅተው ድረስ የራሱን የዳይፐር ዋጋ ቀነሰበት። ከዚያ በ2010 የድረ ገጹን ባለቤት ኩዊድሲን በ545 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። በ2017 አላተረፈም ብሎ ዘጋው። ቡክ ዲፖዚተሪ የሚባለው የእንግሊዝ መጽሐፍ ሻጭም አለ፤ ወደ ብዙ አገር የመላኪያ ሳያስከፍል መጽሐፍ ይልክ ነበር። በ2011 ተገዛ፣ በ2023 ተዘጋ። ኪቫ የሚባለው የመጋዘን ሮቦት ሠሪ በ2012 በ775 ሚሊዮን ዶላር ሲገዛ ሮቦቱን ለሌሎች ቸርቻሪዎችም ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠራው ለአማዞን ብቻ ሆነ። የተገዛው ነገር ሲዘጋ ወይም ሲቀየር ገዢውን የሚጠይቅ የለም። እኔ እንደ ገዢ የምፈራው ይሄን ነው። የእህቴ በእጅ መክፈል ነገ «አያዋጣም» ቢባል የሚወስነው ሲያትል፣ የአማዞን ዋና መሥሪያ ቤት ያለ ሰው ነው፣ የሻርጃው ሹፌር አይደለም።

ኤምሬትስ ውስጥ ገዢውን የጠቀመው ሌላ ተፎካካሪ መኖሩ ይመስለኛል። የኢማሩ ሰው ሞሐመድ አልአባር ሱቅን ባያገኝ ኑን የሚባል የራሱን የኦንላይን ገበያ ይዞ ወጣ። የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ አብሮት አለ፣ 1 ቢሊዮን ዶላር ይዞ ነው በ2017 የጀመረው። እሱም በመግዛት ነው ያደገው። ጃዶፓዶ የሚባለው የዱባይ ድረ ገጽ በ2017 በአልአባር ተገዝቶ ተዘጋ። ናምሺ የሚባለው የልብስ መሸጫ መጀመሪያ ወደ ኢማር ሞልስ ሄደ፣ ኋላ በ2022 ኑን በ335 ሚሊዮን ዶላር ሊወስደው ተስማማ። ብቻ አሁን ሁለት ትልልቅ አሉ። አማዞን ነጭ አርብ ሲል ኑን ቢጫ አርብ ይላል፣ እህቴም ሁለቱን ስልኳ ላይ እያገላበጠች የቀነሰው ጋ ታዝዛለች። ለልብስና ለዓባያ ኑንና ናምሺ ይሻሉናል። ለሕክምና ዕቃ፣ ለኤሌክትሮኒክስና ለመጽሐፍ አማዞን። አንዱ ሌላውን የገዛ ቀን ግን ይሄ ማወዳደር ያበቃል፤ ያ ቀን እንዳይመጣ ነው የምመኘው። መንግሥታትም ዝም አይሉም፤ አማዞን የወለል መጥረጊያ ሮቦት ሠሪውን አይሮቦትን ሊገዛ ሲል የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች አልተስማሙም፣ በ2024 መጀመሪያ ስምምነቱ ፈረሰ። እኛም አገር የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ኩባንያዎች ሲዋሐዱ አስቀድመው እንዲያሳውቁ ያዝዛል፤ ዓመተ ምህረቱ የእኛ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ግማሽ ልምጣ፤ የእኛው መንገድ ላይ።

አንድ ጊዜ ዕቃ በካርጎ ላክን። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ደረሰኙ ላይ ኪሎው እንጂ ዝርዝሩ የለም። ካርቶኑ ተከፍቶ በሌላ ፕላስተር ታሽጎ መጣ፤ ከልጆቹ ጫማ አንዱ ጥንድ የለም። ደወልን። አዲስ አበባ ያለው «ዱባይ ጠይቁ» አለ። ዱባይ ያለው «ከእኛ ሙሉ ሆኖ ነው የወጣው» አለ። እዚያው ላይ ቆመ። በጣም ነው የተናደድኩት፣ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል፤ ልጁ ጫማውን ለዒድ ነበር የሚጠብቀው። ያው ጫማ ከመጋዘን ወጥቶ እህቴ በር እስኪደርስ እያንዳንዱ እርምጃ ስልኳ ላይ ይታይ ነበር፤ ተዘጋጀ፣ ወጣ፣ አድራሹ ጋ ነው፣ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለት አገር ተሻግሮ ሲመጣ ግን «እስቲ ደውዪለት» ከማለት ሌላ ማወቂያ የለንም። የጠፋ ጫማ በማን ሒሳብ እንደሚተካ የሚያውቅ ሰው የለም። ሰንሰለቱ ውስጥ አምስት ስድስት ሰው አለ፣ ኃላፊነቱ ግን የማንም አይደለም።

ዋጋውም የሚያሳምመው እዚህ ላይ ነው። ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ነው፣ አይወጣም አይወርድም። ብር ግን በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። አማዞን ላይ ዋጋው አንድ ድርሃም ሳይጨምር ለእኛ ዕጥፍ ሆነ። የካርጎው ኪሎም አብሮ ወጣ። በዚህ አማዞንን አልወቅስም፤ ግን ዋጋ አለው ወይ ለሚለኝ ሰው እውነቱን ልናገር፦ ለተራ ዕቃ የለውም። ብሌንደርና የምግብ ማሞቂያ ዛሬ ደሴ ሙጋድ ወይም ሰኞ ገበያ ብትገዙ ይሻላል። ከዓረብ አገር ማስመጣት የሚያዋጣው እዚህ ለማይገኝ፣ ቀላል ኪሎ ላለው፣ ጥራቱ ነፍስ ለሚነካ ዕቃ ነው።

እዚሁ ካሉት የኦንላይን ሻጮችም እንገዛለን። ሙጋድ ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች ቴሌግራም ቻናል ከፍተዋል። ፎቶው ይለጠፋል፣ ዋጋው ግን «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ነው። ይሄ ነገር አይመቸኝም። ዋጋው የማይጻፈው እንደ ጠያቂው ስለሚለያይ ነው፣ ይሄንንም ሁላችንም እናውቃለን። ሌላው ሁሉ ግን የሚደነቅ ነው። ገንዘቡን በቴሌብር እንልካለን፣ ሻጩ ዕቃውን ለሚኒባስ ሹፌር ይሰጣል፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መጥቶ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ይደርሳል፣ ሹፌሩ ይደውላል፣ እንቀበላለን። ጠዋት የተከፈለበት ዕቃ ከምሳ በፊት ቤት የገባበት ቀን አለ። አማዞን እንኳን ለእህቴ እንዲህ አይፈጥንላትም። ይሄን የመሠረተ ኩባንያ የለም። ሹፌሮችና ነጋዴዎች ናቸው በመተማመን የሠሩት። ሱቅ ዶት ኮምም መጀመሪያ የነበረው ሀብት ይሄው ነበር፤ የሚደውል ሹፌርና የሚታወቅ ደንበኛ።

ስለዚህ ገንዘብ ያላችሁ የአዲስ አበባ የኦንላይን ገበያዎች፣ ወሎ ልትገቡ ካሰባችሁ፣ ከልቤ የምለምናችሁ አለ። እዚህ አዲስ ቢሮ ከፍታችሁ፣ መንገዱን የማያውቅ ልጅ በሞተር አታሰማሩ። ይሄን ሥራ አሁን የሚሠሩትን ፈልጋችሁ ግዟቸው፣ ወይም አክሲዮን ስጧቸው። የሙጋዱን ነጋዴ ከነቴሌግራም ደንበኛው፣ የመናኸሪያውን ሹፌር ከነስልኩ። ከገዛችሁ በኋላም ሰዎቹን አታባሩ። በእጅ መክፈልን አታጥፉ፤ እናቴ ቴሌብር ላይ ቁጥር ከመንካት ብር ቆጥራ መስጠት ነው የምትፈልገው። የጎደለውን እናንተ ጨምሩበት፦ ዋጋ በግልጽ መጻፍ፣ ደረሰኝ፣ የጠፋ ዕቃ የሚተካበት ደንብ፣ ዕቃው የት እንደደረሰ ስልክ ላይ ማሳየት። መጋዘን ለሚፈልግ ኮምቦልቻ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ደረቅ ወደብ አለ፣ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2017 ተመርቋል፣ ከጅቡቲ የሚመጣ መኪና ያልፍበታል። ሕጉም ቢሆን አለ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ከ2020 ጀምሮ በኢንተርኔት የተደረገ ውል በሕግ ፊት እንዲታወቅ አድርጓል። በአፍሪካም መጠቅለሉ ተጀምሯል፤ ጂጂ የሚባለው የኦንላይን ገበያ በ2019 የተፎካካሪውን የኦኤልኤክስን የናይጄሪያ፣ የጋና፣ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ ሥራ ወስዷል። የእኛንም አንድ ቀን አንዱ ይጠቀልለዋል። እስከዚያ ድረስ ግን ሠሪዎቹ የሠሩትን ዋጋ አውቀው ይጠብቁ፣ በርካሽ እንዳይሸጡት።

ነጥብ ይሰጠው ካላችሁ፣ አማዞን ዶት ኤኢ እስከ እህቴ በር ድረስ ከ5 ላይ 5 ይገባዋል። ከሻርጃ እስከ ኮምቦልቻ ላለው መንገድ ከ2 በላይ አልሰጥም፣ እሱንም በነፃ ሻንጣቸው ላይ ለሚይዙልን ተጓዦች ስል ነው።

ለምታዝዙ ሰዎች ጥቂት ነገር ልጨምር። ሻጩ ማን እንደሆነ እዩ፤ አማዞን ላይ የሚሸጠው ሁሉ የአማዞን አይደለም፣ በርካታው የሌላ ነጋዴ ነው፣ ስሙም ከዋጋው አጠገብ ይጻፋል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከኤምሬትስም ከሳዑዲም የሚመጣው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሶኬት ነው፣ የእኛ ግድግዳ ላይ አይገባም፣ ማስተካከያ አብራችሁ እዘዙ ወይ እዚሁ ፒያሳ ግዙ። ከሳዑዲ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ 220 እስከ 240 ቮልት የሚል መኖሩን ሳታዩ አትግዙ። ዋስትና የሚባለውን ብዙ አትመኩበት፣ ለማስጠገን ዕቃው ወደተገዛበት አገር መመለስ አለበት። ስለዚህ ተጓዡ ከመምጣቱ በፊት እዚያው ተከፍቶ ይሞከር፤ እህቴ መለኪያውን ራሷ ላይ ለክታ ነው የላከችው፣ መመለስ የሚቻለውም እሷ እጅ እያለ ነው።

ፓወር ባንክ ከሆነ ተጓዡ በእጁ ይያዘው፣ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ከተጫነ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ያወጡታል። እስከ 27 ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት (mAh) ያለው ብዙውን ጊዜ ያልፋል፣ ከዚያ በላይ ያለው እንደ አየር መንገዱ ፈቃድ ይጠየቅበታል ወይም ይከለከላል። ለአረፋና ለዒድ የምትፈልጉትን ቀድማችሁ እዘዙ። በዓል ሲቃረብ የሚገባው ሰው ይበዛል፣ ግን ሁሉም ሻንጣውን ለገዛ ልጆቹ ሞልቶ ነው የሚመጣው።